የፖላሪሜትር ንባብን ወደ ኢኢ መቀየር፦ ከሚዛን እስከ ሪፖርት

ፖላሪሜትሩ −2.98 ዲግሪ ብሎ ቆሟል። ቱቦው ውስጥ ያለው ከራሲሚክ ድብልቅ (አንድ ሞለኪውልና የመስታወት ምስሉ እኩል ለእኩል ካሉበት) ለይታችሁ ያወጣችሁት ማንደሊክ አሲድ ነው እንበል። ጥያቄው ቀላል ነው፦ መለየቱ ምን ያህል ተሳካ? ማሽኑ ግን ይህን አይመልስም። እሱ የሚያውቀው ብርሃኑ ስንት ዲግሪ እንደዞረ ብቻ ነው። የቀረው የእናንተ ሥራ ነው።

ከዚያ ቁጥር ተነስቶ "ናሙናው 78 በመቶ ኢኢ አለው" እስከሚለው ዓረፍተ ነገር ያለው መንገድ አጭር ነው። ኢኢ (ኢናንቲዮሜሪክ ኤክሰስ) የአንዱ ቅርጽ መቶኛ ከመስታወት ምስሉ መቶኛ ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚናገር ቁጥር ነው። ስሌቱ ከማካፈል ብዙም አያልፍም። ተማሪን የሚያደናቅፈው ሌላ ነገር ነው፦ የትኛው ቁጥር በየትኛው ይካፈላል? በምን ሁኔታ የተለካው ከየትኛው ጋር ይወዳደራል? ስለዚህ ቀመሮቹን ቶሎ ጨርሰን ጊዜያችንን ወጥመዶቹ ላይ እናውላለን።

ምን እየለካን ነው?

አንዳንድ ሞለኪውሎች ከመስታወት ምስላቸው ጋር አይገጥሙም፤ የግራ እግር ጫማ ለቀኝ እግር እንደማይሆነው። እነዚህ ካይራል ይባላሉ፤ ሁለቱ ጥንዶች ደግሞ ኢናንቲዮመሮች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አራት የተለያዩ ነገሮችን የያዘ ካርቦን ነው። ማንደሊክ አሲድ ላይ ካርቦኑ የያዘው ሃይድሮጅን፣ ሃይድሮክሲል፣ ካርቦክሲል እና የፌኒል ቀለበት ነው።

ሁለቱ ኢናንቲዮመሮች አንድ ዓይነት የመቅለጫ ነጥብ፣ የመፍያ ነጥብና እፍጋት አላቸው። ተራ ኤንኤምአርም (ሞለኪውሎችን በማግኔት የሚመረምረው ዘዴ) አይለያቸውም። ልዩነታቸው የሚወጣው ሌላ ካይራል ነገር ሲገጥማቸው ወይም ፖላራይዝድ ብርሃን ሲያልፍባቸው ነው። አፍንጫችን ውስጥ ያሉት ተቀባዮች ካይራል ስለሆኑ ሽታ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስፒርሚንት የሚባለው ናና ሽታውን የሚያገኘው በዋናነት ከአር-ካርቮን ነው። የመስታወት ምስሉ ኤስ-ካርቮን ግን ናና ናና አይሸትም። እሱ በአውሮፓ ጥቁር ዳቦ ውስጥ የሚገባው የካራዌይ ፍሬ ሽታ ነው።

ተፈጥሮ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን መርጣ ትሠራለች። ትኩስ የጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ለምሳሌ ኤስ-ካቲኖን ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ምንም ካይራል ረዳት ሳንጠቀም ስንሠራ ግን ሁለቱ እኩል ለእኩል ይወጣሉ። ራሲሚክ የምንለው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ተራ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ይርገበገባል። ፖላራይዘር ካለፈ በኋላ በአንድ ወለል ብቻ ይርገበገባል። ይህ ብርሃን አንደኛው ኢናንቲዮመር የበዛበት ሶሉሽን ውስጥ ሲያልፍ ወለሉ ይዞራል። መዞሩ ኦፕቲካል ሮቴሽን ይባላል። ብርሃኑ ወደ እኛ እየመጣ ስናየው በሰዓት አቅጣጫ ከዞረ ምልክቱ (+)፣ በተቃራኒው ከዞረ (−) ነው። ፈረንሳዊው ዣን-ባቲስት ቢዮ በ1815 ይህን እንደ ተርፐንታይን ባሉ ፈሳሾች ውስጥ አየ። በ1848 ደግሞ ሉዊ ፓስተር የአንድ ታርታሬት ጨው ክሪስታሎችን በቅርጻቸው አንድ በአንድ ለቅሞ በሁለት ክምር ለየ። የሁለቱ ክምር ሶሉሽኖች ብርሃንን በተቃራኒ አቅጣጫ አዞሩ። ፓስተር ያኔ ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር።

ራሲሚክ ድብልቅ ለምን ዜሮ ያነባል? አንዱ ወደ ቀኝ ያዞረውን ሌላው በዚያው መጠን ወደ ግራ ስለሚመልሰው ነው። ይህቺን ሐሳብ ያዟት፤ ኢኢ የሚባለው ነገር ሁሉ የሚቆመው በእሷ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ስምን ከምልክት ለዩ

ምንም ከመለካታችሁ በፊት ይህ መጥራት አለበት። አር እና ኤስ የሚሉት ስሞች የሚሰጡት ወረቀት ላይ፣ በካህን፣ ኢንጎልድና ፕሬሎግ የቅደም ተከተል ሕግ ነው። (+) እና (−) የሚገኙት ደግሞ ከማሽኑ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሕግ የለም። "አር ስለሆነ ፕላስ ነው" የሚል መልስ ፈተና ላይ አንዳንዴ በዕድል ልክ ይሆናል እንጂ መሠረት የለውም።

ጥሩው ማስረጃ ላክቲክ አሲድ ነው። ኤስ-ላክቲክ አሲድ ምልክቱ (+) ነው። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ ጨው ቀይሩት፤ ካርቦኑ ላይ ያለው አቀማመጥ ቅንጣት ሳይነካ ምልክቱ (−) ይሆናል። ስሙ ኤስ፣ ዙሩ ተገለበጠ።

በስኳሮች ላይ ያለው የዲ እና ኤል ስያሜም እንደዚሁ ነው። ዲ-ግሉኮስ ወደ ቀኝ ያዞራል። ዲ-ፍሩክቶስ ወደ ግራ፣ ያውም በኃይል። የትኛው ምልክት የትኛው ቅርጽ እንደሆነ በእርግጠኝነት የታወቀው ባይፉትና ባልደረቦቹ በ1951 የአንድ ታርታሬት ጨው ክሪስታልን በኤክስሬይ ካዩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ኬሚስቶች አንዱን በግምት መርጠው ይሠሩ ነበር። ደግነቱ ግምቱ ልክ ሆነ።

ደረጃ 2፦ ሶሉሽኑን አዘጋጁ

ለማንደሊክ አሲዳችን 0.625 ግራም መዝኑ፤ በውሃ አሟሙና በ25 ሚሊሊትር ቮሉሜትሪክ ፍላስክ እስከ ምልክቱ ሙሉ። ቢከር ላይ ያለው መስመር አይበቃም። የኮንሰንትሬሽን ስህተት በቀጥታ ወደ መልሱ ያልፋል፤ 3 በመቶ ከተሳሳታችሁ መልሱም በ3 በመቶ ይሳሳታል።

ከመመዘን በፊት ናሙናው በደንብ መድረቅ አለበት። ይህ ተራ የላብራቶሪ ምክር ይመስላል፤ ግን የኢኢ ስህተት አንዱ ትልቅ ምንጭ እዚህ ነው። ፍጹም ንጹሕ አር-ማንደሊክ አሲድ ይዛችሁ 10 በመቶው ያልተነነ ሶልቬንት ቢሆን፣ የምታገኙት መልስ 90 በመቶ ኢኢ ይሆናል። ኢናንቲዮመሩ ላይ ምንም ችግር የለም። ችግሩ ሶልቬንቱን እንደ አሲድ መመዘናችሁ ነው።

ሶሉሽኑ ከደፈረሰ አጣሩት። የትኛውን ሶልቬንት እንደምትጠቀሙ የሚወስነው ምርጫችሁ ሳይሆን የምታወዳድሩበት የታተመ ቁጥር ነው። እሱ በውሃ ከተለካ እናንተም በውሃ፣ በኢታኖል ከተለካ በኢታኖል። ኤል-አላኒን የተባለው አሚኖ አሲድ በውሃ ውስጥ ስፔሲፊክ ሮቴሽኑ (ንባቡ ለቱቦው ርዝመትና ለኮንሰንትሬሽኑ ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር፤ ደረጃ 5 ላይ እናሰላዋለን) +1.8 አካባቢ ነው። በ6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ግን ከ+14 ያልፋል። ያው ሞለኪውል ነው፤ ልዩነቱ አሲዱ ፕሮቶን መጨመሩ ነው።

ስኳር ከሆነ የምትለኩት ሌላ ነገር አለ፤ ትዕግሥት። አልፋ-ዲ-ግሉኮስ ውሃ ውስጥ እንደገባ +112 አካባቢ ይጀምራል። ከዚያ ቀስ እያለ ወርዶ +52.7 ላይ ይቆማል፤ የአልፋና የቤታ ቅርጾች እርስ በርስ ተቀያይረው እስኪመጣጠኑ ነው። ሶሉሽኑን አሳድሩት፣ ወይም በጣም ጥቂት አሞኒያ ጨምሩበት። ንባቡ እየወረደ ሳለ የጻፋችሁት ቁጥር ምንም አይጠቅማችሁም።

ደረጃ 3፦ ዜሮውን ያዙ፣ ከዚያ አንብቡ

መብራቱ ሶዲየም ከሆነ እስኪሞቅና ቢጫው እስኪደምቅ ጠብቁ። የሚፈለገው የሞገድ ርዝመት 589 ናኖሜትር ነው፤ የሶዲየም ዲ መስመር የሚባለው። ቱቦውን መጀመሪያ በባዶ ሶልቬንት ሙሉትና አንብቡ። በእኛ ምሳሌ ማሽኑ +0.02 አለ እንበል። ይህን ጻፉት፤ ከናሙናው ንባብ ላይ ይቀነሳል።

ቱቦውን ከማስገባታችሁ በፊት ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። የብርሃኑ መንገድ ላይ የአየር አረፋ ካለ ንባቡ ይበላሻል። አንገቱ ያበጠ ቱቦ ከሆነ አረፋውን ወደዚያ ግፉት። የጫፉን መስታወት ከመጠን በላይ አታጥብቁት። የተጨነቀ መስታወት ራሱ የብርሃኑን ሁኔታ ይለውጣል።

በእጅ የሚዞር ፖላሪሜትር ከሆነ ያላችሁ፣ በዓይን መመልከቻው የሚታየው ክብ ተከፋፍሎ ታዩታላችሁ። ክፍሎቹ ሁሉ እኩል ደብዛዛ የሚሆኑበትን ቦታ ፈልጉ። ክፍሎቹ እኩል ደምቀው የሚታዩበት ሌላ ቦታም አለ፤ እሱ አይደለም። እዚያ ላይ ዓይን ትንሿን ለውጥ አይይዝም። ደጋግማችሁ አንብቡና አማካዩን ውሰዱ፤ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን ከሁለቱም አቅጣጫ እያመጣችሁ።

ማሽኑን ካላመናችሁት የሚፈትን ርካሽ ነገር ወጥ ቤት አለ፦ ስኳር። 26 ግራም ስኳር በ100 ሚሊሊትር ሶሉሽን ውስጥ፣ በ2 ዴሲሜትር ቱቦ፣ +34.6 ዲግሪ አካባቢ ማንበብ አለበት። ይህ ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። የስኳር ኢንዱስትሪው መለኪያ 100 ብሎ የሚጠራው ነጥብ ነው። የስኳር ፋብሪካ ሰዎች፣ የእኛዎቹ ወንጂና መተሐራም ጭምር፣ ፖል የሚሉት የስኳር ይዘት ቁጥር የሚወለደው ከዚሁ መሣሪያ ነው። የሱቅ ስኳር ለሻካራ ፍተሻ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ዙሩ እውነት ያን ያህል ነው?

ፖላሪሜትር 180 ዲግሪ ሙሉ የዞረውን ካልዞረው መለየት አይችልም። ስለዚህ +10 የሚል ንባብ በእርግጥ +10 ሊሆን ይችላል፤ −170 ወይም +190ም ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ሶሉሽኑን በእጥፍ ማቅጠን ነው። እውነቱ +10 ከነበረ አዲሱ ንባብ +5 ይሆናል። −170 ከነበረ ደግሞ −85 ይሆናል፤ ማሽኑ ላይ ይህ +95 ተብሎ ሊታይ ይችላል። ግማሽ ርዝመት ያለው ቱቦም ያንኑ ይሠራል። ንባባችን ከ3 ዲግሪ የማያልፍ፣ የምናውቀው ቁስ ከሆነ ብዙ አያሳስብም። አዲስ ቁስ ከሆነ ግን አትዝለሉት።

ደረጃ 5፦ ወደ ስፔሲፊክ ሮቴሽን

የተነበበው ዲግሪ ብቻውን ከማንም ጋር አይወዳደርም። ቱቦው ሲረዝም ይጨምራል፣ ሶሉሽኑ ሲወፍር ይጨምራል። ሁለቱን ለማውጣት እናካፍላለን፦

ስፔሲፊክ ሮቴሽን = የተስተካከለው ንባብ ÷ (የቱቦ ርዝመት በዴሲሜትር × ኮንሰንትሬሽን በግራም በሚሊሊትር)

ምሳሌያችንን እናስላው። ዜሮው ሲቀነስ፦ −2.98 − 0.02 = −3.00። ቱቦው 10 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 1 ዴሲሜትር ነው። ኮንሰንትሬሽኑ 0.625 ÷ 25 = 0.025 ግራም በሚሊሊትር። ስለዚህ −3.00 ÷ (1 × 0.025) = −120።

ሁለት ወጥመዶች አሉ እዚህ። አንደኛው ርዝመቱ ነው፤ 10 ብሎ ያካፈለ ሰው −12 ያገኛል። ሁለተኛው ይብሳል። የታተሙ ጽሑፎች ኮንሰንትሬሽንን የሚጽፉት በ100 ሚሊሊትር ስንት ግራም እንዳለ ነው። ጆርናል ላይ ኮንሰንትሬሽን 2.5 ተብሎ ካያችሁ 0.025 ግራም በሚሊሊትር ማለት ነው። 2.5ን እንዳለ ቀመሩ ውስጥ የከተተ ሰው መልሱ −1.2 ይወጣለታል፤ ከዚያ ሙከራው እንደከሸፈ አስቦ ተስፋ ይቆርጣል።

ናሙናው ሳይሟሟ በፈሳሽነቱ የሚለካ ከሆነ በኮንሰንትሬሽኑ ቦታ እፍጋቱን አስገቡ። ሌላው ሁሉ ያው ነው።

ደረጃ 6፦ ትክክለኛውን የማወዳደሪያ ቁጥር ፈልጉ

ለንጹሕ አር-ማንደሊክ አሲድ በውሃ ውስጥ፣ በ2.5 ኮንሰንትሬሽን፣ በሶዲየም ዲ መስመር የሚጠቀሰው −153 አካባቢ ነው። የእኛ −120 ነው። ምልክቱ ስለገጠመ ያበዛነው አርን ነው ማለት ነው።

በእኔ እይታ ከሥራው ሁሉ ደካማው ደረጃ ይህ ነው፤ ሰው ግን በአንድ ደቂቃ ያልፈዋል። የታተመውን ቁጥር ከማመናችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁት፦ ሶልቬንቱ፣ ኮንሰንትሬሽኑ፣ ሙቀቱ፣ የሞገድ ርዝመቱ። አንዱ ከጎደለ ሌላ ምንጭ ፈልጉ። ቁጥሩን ያሳተመው ሰው ናሙና ራሱ ፍጹም ንጹሕ ነበር ወይ የሚለውም አለ። ምንጫችሁ −153 ሳይሆን −158 ቢል፣ በአንድ ጊዜ መልሳችሁ ከ78 ወደ 76 ይወርዳል። እናንተ ላብራቶሪ ውስጥ ምንም ሳትነኩ ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ኢኢውን አስሉ

ኢኢ = የናሙናው ስፔሲፊክ ሮቴሽን ÷ የንጹሑ ስፔሲፊክ ሮቴሽን × 100

120 ÷ 153 × 100 = 78.4። ወደ 78 በመቶ።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ መጣ። 78 በመቶ ኢኢ ማለት ናሙናው 78 በመቶ አር ነው ማለት አይደለም። ኢኢ ልዩነት ነው፤ የአር መቶኛ ሲቀነስ የኤስ መቶኛ። ዜሮ የሚያነበውን ራሲሚክ አስታውሱ። በናሙናችን ውስጥ 11 እጅ ኤስ አለ። እነዚህ ከአር ውስጥ 11 እጁን ያጣፋሉ። ብርሃኑን የሚያዞረው ሳይጣፋ የተረፈው 78 እጅ አር ነው።

የእያንዳንዱን ድርሻ ለማግኘት፦

የበዛው መቶኛ = (100 + ኢኢ) ÷ 2
ያነሰው መቶኛ = (100 − ኢኢ) ÷ 2

ለእኛ አር 89.2፣ ኤስ 10.8 ይሆናል። ደምሩት፤ መቶ ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል። ልማድ እንዲሆናችሁ ጥቂቶቹን በቃል ያዙ፦ 50 ለ50 ዜሮ ኢኢ ነው፣ 75 ለ25 ኢኢው 50 ነው፣ 90 ለ10 ኢኢው 80፣ 95 ለ5 ኢኢው 90፣ 99 ለ1 ደግሞ 98።

መድኃኒት ላይ ይህ ልዩነት ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። የኖቤል ተሸላሚው ዊልያም ኖልስ ከሞንሳንቶ ባልደረቦቹ ጋር ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጠውን ኤል-ዶፓ የሠራበት ካታሊስት 95 በመቶ አካባቢ ኢኢ ይሰጥ ነበር። ማለትም ከመቶ ሞለኪውል ሁለት ተኩል ያህሉ ብቻ የተሳሳተው ቅርጽ ነው። በተቃራኒው ኢቡፕሮፌን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ራሲሚክ ሆኖ ነው። ሕመም የሚያስታግሰው ኤሱ ነው፤ ሰውነታችን ግን ከአሩ ከፊሉን ወደ ኤስ ይቀይረዋል።

ስለ ታሊዶማይድ ክፍል ውስጥ የሚነገረውን ታሪክ ግን በጥንቃቄ ስሙት። በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ገበያ ወጥቶ በ1961 የተነሣው ይህ መድኃኒት ብዙ ሕፃናትን ጎድቷል። "አሩን ለይተው ቢሸጡት ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር" ይባላል። ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። ሁለቱ ቅርጾች ሰውነት ውስጥ እርስ በርስ ይቀያየራሉ። 100 በመቶ ኢኢ ያለው እንክብል ቢዋጥም ደም ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ።

ደረጃ 8፦ መልሱን ተጠራጠሩት

ንባቡ ዜሮ ከሆነ ወዲያው "ራሲሚክ ነው" አትበሉ። ቁሱ ጭራሽ ካይራል ላይሆን ይችላል። እንደ ሜሶ-ታርታሪክ አሲድ ሁለት ካይራል ካርቦን ይዞ በውስጡ ራሱን ያጣፋ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ኢናንቲዮመር ሆኖ በዚያ ሞገድ ላይ የሚያዞረው ኢምንት የሆነም አለ። ወይም ሶሉሽኑ ቀጥኗል።

ንባቡ ትንሽ ከሆነ የማሽኑ ስህተት ይገንናል። አላኒንን በውሃ፣ በ0.1 ግራም በሚሊሊትር፣ በ1 ዴሲሜትር ብትለኩ ንባቡ +0.18 ነው። ማሽኑ በ0.01 ቢሳሳት መልሳችሁ ከ5 በመቶ በላይ ይንገዳገዳል። እዚህ ላይ ነው የአሲዱ ሶልቬንት የሚጠቅመው። ቱቦውን ማስረዘምና ሶሉሽኑን ማወፈርም ይረዳል።

ትልልቅ ኢኢዎችም ሌላ ጣጣ አላቸው። ለማንደሊክ አሲድ በ98 እና በ99 በመቶ ኢኢ መካከል ያለው የንባብ ልዩነት፣ በእኛ ሶሉሽን፣ 0.04 ዲግሪ አይሞላም። የሚዛኑን፣ የፍላስኩንና የታተመውን ቁጥር ስህተት ስትደምሩ ይህ ልዩነት ይዋጣል። ስለዚህ "በፖላሪሜትር 99 በመቶ ኢኢ አገኘሁ" ሲባል እኔ አላምንም።

ሶስተኛው ችግር ጠለቅ ይላል። ቀመራችን ኢኢ ሲጨምር ዙሩ በቀጥታ መስመር ይጨምራል ብሎ ያስባል። በ1969 ኦሮ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት ይህ ሁልጊዜ እንደማይሠራ አሳየ። 2-ኢቲል-2-ሜቲል ሰክሲኒክ አሲድ በክሎሮፎርም ውስጥ መስመሩን አይከተልም። ሞለኪውሎቹ በሃይድሮጅን ቦንድ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ነው። አር ከአር ጋር የሚሠራው ጥንድና አር ከኤስ ጋር የሚሠራው ጥንድ አንድ አይደሉም። ካርቦክሲሊክ አሲድ ከፖላር ባልሆነ ሶልቬንት ጋር ስታዩ ይህ ትዝ ይበላችሁ።

ናሙናውን የምትለኩበት ጊዜም ያሳስባል። ክሪስታል ስታደርጉት ኢኢው ይለወጣል፤ ክሪስታሉ አንድ ኢኢ፣ የቀረው ፈሳሽ ሌላ ኢኢ ይኖራቸዋል። ሪአክሽኑ ምን ያህል መራጭ እንደነበር ማወቅ ከፈለጋችሁ ከክሪስታሉ በፊት ለኩ። ክሪስታሉን ለክቶ "ሪአክሽኔ 95 ሰጠ" ማለት ራስን ማታለል ነው።

ደረጃ 9፦ በሌላ መንገድ አረጋግጡ

ዛሬ ኢኢን ለማሳተም የሚታመነው ካይራል ኤችፒኤልሲ ወይም ካይራል ጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው፤ ሁለቱም ድብልቅን በአምድ ውስጥ አሳልፈው የሚለዩ ዘዴዎች ናቸው። አምዱ ራሱ ካይራል ስለሆነ ሁለቱ ኢናንቲዮመሮች በተለያየ ሰዓት ይወጣሉ። የሁለቱን ፒክ (በሚወጣው ሥዕል ላይ የሚታየውን ጉብታ) የውስጥ ስፋት ወይም ኤሪያ ወስዳችሁ ልዩነቱን ለድምሩ ታካፍላላችሁ። አንደኛው 891፣ ሌላኛው 109 ቢሆን፣ (891 − 109) ÷ 1000 = 78.2 በመቶ። የታተመ ሮቴሽን አያስፈልግም፤ የሶልቬንት ቅሪትም እንደ ፖላሪሜትሩ አያሳስትም።

ግን አንድ ግዴታ አለ። መጀመሪያ ራሲሚኩን አስገቡ። ሁለት እኩል ፒክ ካላያችሁ አምዱ አልለየላችሁም። ያን ሳያደርግ ናሙናውን ብቻ አስገብቶ አንድ ፒክ ያየ ሰው "100 በመቶ" ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ሁለቱ ተደራርበው እየወጡ።

ኤችፒኤልሲ በሌለበት ናሙናውን ከሞሸር አሲድ ጋር አያይዞ በኤንኤምአር ማየት ይቻላል። ኢናንቲዮመሮቹ ወደ ዳያስቴሪዮመር (የመስታወት ምስል ወዳልሆኑ ጥንድ ቅርጾች) ስለሚቀየሩ ኤንኤምአሩ ላይ ምልክታቸው ይለያያል። ይህኛው የሚሠራው ሞሸር አሲዱ ራሱ ንጹሕ ኢናንቲዮመር ከሆነ፣ ሪአክሽኑም እስከ መጨረሻው ከሄደ ነው።

ታዲያ ፖላሪሜትር ለምን ይቀራል? ምልክቱን የሚነግረን እሱ ስለሆነ ነው። ክሮማቶግራም ላይ ፒኮቹ (+) ወይም (−) የሚል ጽሑፍ የላቸውም። ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ናሙናውንም አያጠፋም። ለውጥን በጊዜ ለመከታተልም ምቹ ነው። ዊልሄልሚ በ1850 ስኳር በአሲድ ሲፈርስ ዙሩ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሻገር እየተከታተለ የሪአክሽን ፍጥነትን የለካው በዚሁ መሣሪያ ነው። ሱክሮስ +66.5 ነው፤ ሲፈርስ የሚወጣው የግሉኮስና የፍሩክቶስ ድብልቅ −20 አካባቢ። የአበባ ማር ብዙውን ጊዜ ወደ ግራ የሚያዞረውም ፍሩክቶሱ ስለሚያይል ነው። ተራ ስኳር ሲደባለቅበት ንባቡ ወደ ቀኝ ይሳባል።

ደረጃ 10፦ ሪፖርቱን ጻፉ

ኢኢን ብቻውን አትጻፉ። ስፔሲፊክ ሮቴሽኑን ከነሁኔታው አስቀምጡ፦ "ስፔሲፊክ ሮቴሽን −120፣ ሶዲየም ዲ መስመር፣ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ኮንሰንትሬሽን 2.5፣ ውሃ።" ከዚያ ያወዳደራችሁበትን ቁጥር፣ ከዚያ "78 በመቶ ኢኢ፣ አር የበዛበት።" 78.43 ብላችሁ አትጻፉ፤ የታተመው ቁጥር ያን ያህል ትክክል አይደለም።

ለመለማመድ አንድ ልስጣችሁ። ከካራዌይ ዘይት የተለየ ኤስ-ካርቮን በፈሳሽነቱ፣ በ0.5 ዴሲሜትር ቱቦ ተለክቶ +27.0 አነበበ። እፍጋቱ 0.96 ነው፤ የንጹሑ ስፔሲፊክ ሮቴሽን +61። ቀጥሎ ያለውን ከማንበባችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሥሩት።

27.0 ÷ (0.5 × 0.96) = +56.25። 56.25 ÷ 61 × 100 = 92 በመቶ ኢኢ። ኤስ 96፣ አር 4።

አሁን ደግሞ ካራዌይ ዘይት ውስጥ ከካርቮን ቀጥሎ የሚበዛው ሊሞኒን መሆኑን ጨምሩበት። እሱም ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ስፔሲፊክ ሮቴሽኑ +120 አካባቢ፣ የካርቮኑን እጥፍ ያህል። ናሙናው ውስጥ 5 በመቶ ሊሞኒን ቀርቶ ቢሆን ከ56.25 ውስጥ 6ቱ የእሱ ነው። የቀረው 50.25 ለ0.95 ሲካፈል 52.9 ይመጣል፤ ኢኢው ከ92 ወደ 87 ይወርዳል። ካርቮኑ ፍጹም ንጹሕ ኤስ ሆኖ ያ 5 በመቶ ሊሞኒን ቢኖርበት ደግሞ ስሌቱ 105 በመቶ ኢኢ ይሰጣችኋል። ከመቶ በላይ የሆነ መልስ ስታገኙ ወደ ካልኩሌተሩ ሳይሆን ወደ ናሙናው ተመለሱ።